ሌየር ሲዞር ለምን ይደበዝዛል? ለምንስ ይዛነፋል?

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «ለአንድ ካፌ ባነር እየሠራሁ ሎጎውን በፎቶሾፕ አስገብቼ 12 ዲግሪ ያህል አጋደልኩት፤ ጠርዙ ደበዘዘብኝ። ማዕዘኑን ደጋግሜ ስቀያይረው ባሰበት፤ ወደ ነበረበት ብመልሰውም እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ቦታ ስላጠረኝ በጎን በኩል ጠበብ ሳደርገው ደግሞ ካሬ የነበረው የሎጎው ፍሬም ተዛነፈ። በጂምፕ ስሞክረው ጥጎቹ ተቆረጡ። ምስልን ሳይበላሽ ማዞር የሚቻልበት መንገድ አለ ወይ?»

አለ። ይሁን እንጂ የገጠመዎት ችግር አንድ ብቻ አይደለም። መደብዘዙ፣ መዛነፉና መቆረጡ የየራሳቸው ምክንያት ስላላቸው የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ስማርት ኦብጀክት አድርገው» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለምን እንደሚሠራ ያልተረዳ ሰው ሌየሩ (ምስሉ ያለበት ንብርብር) ከተበላሸ በኋላ ይሞክረውና አልሠራም ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ከቁልፎቹና ከሜኑው በፊት ምስሉ ሲዞር በፒክስሎቹ ላይ ምን እንደሚደርስ ማየት ይጠቅማል።

በፎቶሾፕም ሆነ በጂምፕ አንድ ተራ የምስል ሌየር እንደ ሒሳብ ደብተር በእኩል ካሬዎች የተከፋፈለ ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል፤ የሚይዘውም አንድ ቀለም ብቻ ነው። ምስሉን 90፣ 180 ወይም 270 ዲግሪ ሲያዞሩት እያንዳንዱ ካሬ ልክ ሌላ ካሬ ላይ ስለሚያርፍ ቀለሞቹ ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ አንዳቸውም አይለወጡም። በ12 ዲግሪ ግን የዞሩት ካሬዎች ከገጹ ካሬዎች ጋር አይገጥሙም። ገጹ አይዞርም፤ የሚዞረው በላዩ ያለው ምስል ነው። በመሆኑም ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አዲስ ካሬ ከአጠገቡ ካሉት አሮጌ ካሬዎች አማካይ ወስዶ አዲስ ቀለም ማስላት ይኖርበታል። የሚታየው መደብዘዝ የዚህ አማካይ ውጤት ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን በቁጥር እንየው። በነጭ መደብ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ስፋቱ አንድ ፒክስል ብቻ የሆነ ጥቁር መስመር አለ እንበል፤ ጥቁሩ 0፣ ነጩ 255 ነው። መስመሩን 5 ዲግሪ ብናጋድለው በየ11 ፒክስል ተኩል ገደማ ቁመት አንድ ፒክስል ወደ ጎን ይሄዳል፤ በመካከል ባሉት ረድፎች ላይ ደግሞ በሁለት ካሬዎች መሐል ይወድቃል። ከመስመሩ 70 በመቶው በአንዱ ካሬ፣ 30 በመቶው በጎረቤቱ ባረፈበት ረድፍ ላይ ባይሊኒየር የተባለው ስሌት ለመጀመሪያው ካሬ 77፣ ለሁለተኛው 179 ገደማ ይሰጣል። ጥቁር የነበረው ጥቁር ግራጫ ሆነ፤ ነጭ የነበረውም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆነ። አሁን መስመሩን 5 ዲግሪ ወደ ኋላ ቢመልሱት ፕሮግራሙ ቀድሞ 0 እና 255 እንደነበሩ አያውቅም፤ በእጁ ያሉት 77 እና 179 ስለሆኑ እነርሱን እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ እንደገና አማካይ ያወጣባቸዋል። አንድ ፒክስል የነበረው መስመር ሦስት ፒክስል ያህል ተዘርግቶ የደበዘዘ ግራጫ ሆኖ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ 12 ብለው፣ ወደ 10 ቀንሰው፣ ወደ 15 ጨምረው በየመሐሉ ኢንተር ከተጫኑ ሎጎው ሦስት ጊዜ ተሰልቷል፤ ሦስት ጊዜም ከራሱ ላይ ጥቂት አጥቷል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ማዞር በፎቶግራፍ ላይ ለዓይን እምብዛም አይታይም። በፊደል ላይ ግን ጉዳቱ ፈጥኖ ይታያል፤ በእኛ ፊደል ላይ ደግሞ ይብሳል። ሊ እና ሌን የሚለያቸው በቀኝ እግራቸው ግርጌ ያለው ምልክት ነው፤ በአንዱ አጭር መስመር፣ በሌላው ትንሽ ቀለበት። ጽሑፉ አነስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዞር የቀለበቷ ውስጠኛ ነጭ ቦታ በግራጫ ይሞላና ሌ የነበረው ሊ መስሎ ይነበባል። የድርጅት ስም ያለበት ሎጎ ላይ ይህ ከውበት ጉድለት ያለፈ ስሕተት ስለሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ሌየር ከሌላው ሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስማርት ኦብጀክት እንምጣ። ፎቶሾፕ ይህን ዓይነት ሌየር ያስተዋወቀው በ2005 በወጣው ሲኤስ 2 ስሪት ነው። ሌየሩ ወደ ስማርት ኦብጀክት ሲለወጥ የመጀመሪያው ምስል ሳይነካ በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ እርስዎ የሚያዞሩት ምስሉን ሳይሆን «ይህን ያህል ዲግሪ አዙረህ፣ ይህን ያህል አሳንሰህ አሳየኝ» የሚለውን ትእዛዝ ነው። ማዕዘኑን አሥር ጊዜ ቢቀያይሩትም ፕሮግራሙ በየጊዜው የሚያሰላው ካለፈው ውጤት ተነሥቶ ሳይሆን ከመጀመሪያው ምስል ተነሥቶ ነው። ይህም ማለት ስማርት ኦብጀክት ስሌቱን አያስቀረውም፤ በ12 ዲግሪ የተጋደለ ስማርት ኦብጀክትም አንድ ጊዜ የተሰላ ምስል ነው። የሚያስቀረው የስሌት ላይ ስሌቱን ነው። ይህ ልዩነት ሲታወቅ ሁለት ነገሮች ግልጽ ይሆናሉ። አንደኛ፣ አስቀድሞ የደበዘዘን ሌየር ወደ ስማርት ኦብጀክት መለወጥ ድብዘዛውን እንደ «መጀመሪያው ምስል» አድርጎ ከማስቀመጥ ሌላ የሚፈይደው የለም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ምስል ትልቅ በሆነ መጠን ውጤቱ ይጠራል፤ 3000 ፒክስል ስፋት ያለው ሎጎ በአንድ ስሌት ወደ 600 ሲያንስና 12 ዲግሪ ሲዞር፣ አስቀድሞ 600 ከተደረገና ከዚያ ከዞረው እጅግ ይሻላል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ሎጎውን ከፋይል ሜኑ በ«ፕሌስ ኢምቤድድ» ቢያስገቡት፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በስተቀር፣ ራሱ ስማርት ኦብጀክት ሆኖ ይገባል። ከሌላ ፋይል ጎትተው ወይም ኮፒ አድርገው ያመጡት ከሆነ ግን ምንም ከማድረግዎ በፊት የሌየሩን ስም በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኮንቨርት ቱ ስማርት ኦብጀክት» የሚለውን ይምረጡ። ቀጥሎ ኮንትሮልና ቲን አብረው ይጫኑ፤ በሎጎው ዙሪያ ማዕዘንና መጠን የሚቀየርበት፣ የሚጎተቱ እጀታዎች ያሉት ሳጥን ይመጣል፤ በእጅ ከመጎተት ይልቅ ከላይ ባለው ኦፕሽን ባር የማዕዘን ምልክት ባለበት ሳጥን ውስጥ 12 ብለው ይጻፉ። በሌላ ቀን ተመልሰው ኮንትሮልና ቲን ሲጫኑ ሳጥኑ 12ን ያሳያል፤ 0 ብለው ቢጽፉ ሎጎው ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ተራ ሌየር ላይ ግን በዚያው ሳጥን የሚያገኙት 0 ነው፤ ሌየሩ ቀደም ሲል መዞሩን አያስታውስም። ሎጎው በኤስቪጂ፣ በፒዲኤፍ ወይም በኢላስትሬተር ፋይል በቬክተር የተሠራ ከሆነና በዚሁ መንገድ ካስገቡት ደግሞ መስመሮቹ በየጊዜው ከሒሳብ ቀመራቸው እንደ አዲስ ስለሚሣሉ በየትኛውም ማዕዘንና መጠን ጥርት ብለው ይወጣሉ። ካፌው የዚህ ዓይነት ፋይል ካለው ከሁሉ አስቀድመው እርሱን ይጠይቁ።

ስለ ስሌቱ ዓይነት ጥቂት ልበል። በፎቶሾፕ ኮንትሮልና ቲን እንደተጫኑ ኦፕሽን ባሩ ላይ «ኢንተርፖሌሽን» የሚል ምርጫ ይታያል። «ኒረስት ኔበር» አማካይ ሳያወጣ የቅርቡን ካሬ ቀለም እንዳለ ስለሚወስድ አይደበዝዝም፤ የሚያጋድል መስመርን ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል። ባይሊኒየር አራት፣ ባይኪዩቢክ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ጎረቤት ካሬዎችን ያያል። ለሎጎና ለፎቶግራፍ እኔ የምመርጠው ተራውን ባይኪዩቢክ ነው፤ «ሻርፐር» የሚል ቅጽል የያዘው ለማሳነስ የታሰበ ስለሆነ በሚዞር ሎጎ ዳር ዳሩን ቀጭን የብርሃን መስመር ሊያወጣበት ይችላል። በጂምፕ ከ2.10 ስሪት ጀምሮ ያሉት ኖሄሎ እና ሎሄሎ የተባሉት ምርጫዎች ይህንኑ የብርሃን መስመር ለመቀነስ የተዘጋጁ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ መዛነፉ ነው። ከድብዘዛው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ብዙ ሰውም የፕሮግራሙ ብልሽት ይመስለዋል። እርስዎ ያደረጉት ሎጎውን አጋድለው ኢንተር ከተጫኑ በኋላ እንደገና ኮንትሮልና ቲን ተጭነው የጎኑን እጀታ መግፋት ነው። ሌየሩ ተራ ሌየር በመሆኑ አዲሱ ሳጥን የሚከበው ቀጥ ብሎ ነው፤ ሎጎው ያጋደለ፣ ሳጥኑ ግን ያላጋደለ ይሆናል። በጎን ሲገፉት የሚጠበው በገጹ አግድም አቅጣጫ እንጂ በሎጎው ስፋት አቅጣጫ አይደለም። በ45 ዲግሪ የቆመ ካሬን ያስቡ፤ ጎኖቹ ሁሉ በሰያፍ ቆመዋል። ከግራና ከቀኝ ተገፍቶ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ቁመቱ እንዳለ ስለሚቀር የላይኛውና የታችኛው ማዕዘን ከ90 ወደ 53 ዲግሪ ገደማ ይጠባሉ፤ የግራና የቀኙ ወደ 127 ይሰፋሉ። ካሬው ካሬነቱ ቀርቷል። በ12 ዲግሪ ላይ ጉዳቱ አነስ ይላል እንጂ አይቀርም፤ ዓይን ደግሞ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲዛነፍ ቶሎ ያውቃል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማዞሩ ሳይሆን ከማዞር በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማጥበቡ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሳለ ቢጠብና ከዚያ ቢዞር፣ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ሆነው ይቆያሉ፤ ካሬው አራት ማዕዘን ይሆናል እንጂ አይዛነፍም። ስማርት ኦብጀክት እዚህም ላይ ያግዛል፤ የተጋደለ ስማርት ኦብጀክት ላይ ኮንትሮልና ቲን ሲጫኑ ሳጥኑም አብሮ ያጋደለ ሆኖ ስለሚመጣ የጎኑን እጀታ ሲገፉ የሚጠበው በራሱ በሎጎው ስፋት አቅጣጫ ነው። ሆኖም አንድ ወጥመድ አለ። ስማርት ኦብጀክቱ በግሩፕ ውስጥ ሆኖ ግሩፑን በሙሉ መርጠው በአንድ ወገን ካጠበቡት የግሩፑ ሳጥን ቀጥ ያለ ስለሚሆን ውስጡ ያለው ሎጎ እንደ ተራ ሌየር ይዛነፋል። ይህ ከደረሰ ድብዘዛ ሳይጨመር ማስተካከል ይቻላል፤ በቅርብ ዓመታት ስሪቶች ሌየሩን በቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ «ሪሴት ትራንስፎርም» የሚል ትእዛዝ ይገኛል፤ ሎጎውን ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ይመልሰዋል።

ከዚሁ ጋር የሺፍት ቁልፍን ነገር ማንሣት አለብኝ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቀድሞዎቹ ስሪቶች መጠኑን ሲቀይሩ ስፋትና ቁመቱ አብረው እንዲሄዱ ሺፍትን መያዝ ግዴታ ነበር። በጥቅምት 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከወጣው የፎቶሾፕ ሲሲ 2019 ጀምሮ ግን ተገለበጠ፤ ሺፍት ሳይያዝ መጠኑ በእኩል ይቀየራል፣ ሺፍት ሲያዝ ደግሞ ይለጠጣል። በአሮጌው ልማድ ሺፍትን ይዞ የጥጉን እጀታ የሚጎትት ሰው ሳያውቀው ሎጎውን እየለጠጠ ነው። በሚያዞሩበት ጊዜ ግን ሺፍት የተለየ ሥራ አለው፤ ማዕዘኑ በ15 ዲግሪ እየዘለለ እንዲሄድ ያደርጋል። ኮንትሮልን ይዞ ጥጉን መጎተትም ያን አንድ ጥግ ብቻ ይዞ ስለሚሄድ በማዞር ላይ ሳሉ ጣትዎ ወደዚያ እንዳይሄድ ይጠንቀቁ።

90 ዲግሪ ምንጊዜም አይጎዳም ያልኩት አንድ ማስተካከያ ይፈልጋል። ሌየሩ ስፋቱ 301፣ ቁመቱ 200 ፒክስል ቢሆንና በትክክል በመሐሉ ዙሪያ 90 ዲግሪ ቢዞር፣ የሁለቱ ድምር ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ የዞረው ምስል ጠርዝ በግማሽ ፒክስል ላይ ይወድቃል፤ ፕሮግራሙም ምስሉን በግማሽ ፒክስል ለማስቀመጥ ሲል ሁሉንም ካሬዎች አማካይ ሊያወጣባቸው ይችላል። ኪውአር ኮድና በፒክስል የተሣሉ ትንንሽ አይከኖች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። መከላከያው የማዞሪያውን ነጥብ ከመሐል አንሥቶ ወደ አንዱ ጥግ መውሰድ ወይም በጂምፕ ከሌየር ሜኑ ውስጥ ያለውን የ90 ዲግሪ ትእዛዝ መጠቀም ነው። በአዳዲሶቹ የፎቶሾፕ ስሪቶች ነጥቡ ተደብቆ ስለሚመጣ በኦፕሽን ባሩ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ሳጥን ምልክት በማድረግ ማውጣት ይቻላል።

በጂምፕ የተቆረጡት ጥጎች ቀላል ጉዳይ ናቸው። አራት ማዕዘን ሲያጋድል የሚይዘው ቦታ ይሰፋል፤ 1200 በ800 ፒክስል የሆነ ሌየር 12 ዲግሪ ሲዞር ሳይቆረጥ ለመቀመጥ 1340 በ1032 ገደማ ያስፈልገዋል። በጂምፕ እያንዳንዱ ሌየር የራሱ ወሰን ስላለው የማዞሪያው መሣሪያ «ክሊፒንግ» የሚል ምርጫ አለው። እዚያ ላይ «ክሊፕ» ተመርጦ ከሆነ ከቀድሞው ወሰን ያለፈው ሁሉ ይጠፋል፤ «አጀስት» ሲመረጥ ወሰኑ አብሮ ይሰፋል። ከዚህ በኋላም ጥጉ ካልታየ የወጣው ከካንቫሱ (ከምስሉ ሙሉ ገጽ) ነውና ከኢሜጅ ሜኑ «ፊት ካንቫስ ቱ ሌየርስ» ይበቃዋል።

ጂምፕን መጠቀም ከመረጡ ግን አንድ ገደብ ማወቅ አለብዎት። በ2025 የወጣው 3.0 ስሪት ፊልተሮችን ምስሉን ሳይነኩ የመጨመር ችሎታ አምጥቷል፤ የማዞሪያው መሣሪያ ግን በዚያም ስሪት ላይ ፒክስሉን በቀጥታ ይለውጣል። ስለዚህ የሎጎውን ሌየር አባዝተው ዋናውን ደብቀው ያስቀምጡትና ቅጂውን ብቻ ያዙሩ። ማዕዘኑ ካልተስማማዎት በላዩ ላይ እንደገና አያዙሩት፤ በኮንትሮልና ዜድ መልሰው ከዋናው ይጀምሩ። ማሳነስም ማዞርም የሚያስፈልግ ከሆነ «ዩኒፋይድ ትራንስፎርም» የተባለው መሣሪያ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስልቶ ስለሚፈጽም ከሁለት የተለያዩ ስሌቶች ያድናል። ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ «ትራንስፎርም ማስክ» የሚባል አላቸው፤ በአሠራሩ ለፎቶሾፑ ስማርት ኦብጀክት በጣም የቀረበ ነው።

ጽሑፍን በተመለከተ፣ በፎቶሾፕ የጽሑፍ ሌየር ራስተራይዝ እስካልተደረገ (ወደ ፒክስል እስካልተለወጠ) ድረስ ከፎንቱ መስመር ስለሚሣል የፈለጉትን ያህል ቢያዞሩት አይደበዝዝም። ብዙ ዲዛይነሮች ማተሚያ ቤቱ የአማርኛ ፎንቱ ላይኖረው ይችላል ብለው ጽሑፉን ራስተራይዝ አድርገው ይልካሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ያ አይደለም። «ኮንቨርት ቱ ሼፕ» ጽሑፉን ወደ ቬክተር ቅርጽ ስለሚለውጠው ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተርም ሳይለወጥ ይከፈታል፣ በማንኛውም ማዕዘንም ይጠራል። በጂምፕ የጽሑፍ ሌየርን በማዞሪያ መሣሪያው ካዞሩት ወደ ፒክስል ይለወጣል፤ ስለዚህ «ፓዝ ፍሮም ቴክስት» ብለው የፊደሎቹን መስመር አውጥተው፣ መሣሪያው ፓዙን እንዲያዞር መርጠው፣ በመጨረሻ በቀለም ቢሞሉት ይሻላል።

ሲፈትሹ ምስሉን በ100 በመቶ አጉልተው ይመልከቱ። በ33 ወይም በ67 በመቶ ሲታይ ስክሪኑ ራሱ ካሬዎችን እያሳነሰ ስለሚያሳይ ያልተበላሸ ጠርዝ ጥርስ ያወጣ ሊመስል ይችላል። ሎጎው ማስክ (የሌየሩን ከፊል የሚደብቅ ሽፋን) ካለው በሌየሩና በማስኩ መካከል ያለችው የሰንሰለት ምልክት መኖሯን ይዩ፤ ከሌለች ምስሉ ዞሮ ማስኩ ባለበት ይቀርና ሌላ ዓይነት መቆረጥ ይመጣል።

አሁን በእጅዎ ያለውን የደበዘዘ ሌየር ለማዳን በሻርፕን ፊልተር አይድከሙ፤ ፊልተሩ የጠርዙን ልዩነት ያጎላል እንጂ በስሌቱ የጠፋውን ቀለም አይመልስም። ፋይሉ ካልተዘጋ በሂስትሪ ፓኔል ከመጀመሪያው ማዞር በፊት ወደነበረው ደረጃ ይመለሱ። ከተዘጋ የካፌውን ሎጎ ከምንጩ እንደገና ያስገቡ። ምንጩም ትንሽ ምስል ብቻ ከሆነ የካፌውን ስም በተመሳሳይ ፎንት እንደ አዲስ ይጻፉት፤ ፍሬሙን በሼፕ መሣሪያ ይሣሉት፤ ሁለቱን አብረው መርጠው ስማርት ኦብጀክት ያድርጓቸው። በጎን መጥበብ ካለበት ቀጥ ብሎ ሳለ ያጥቡት፤ ማዕዘኑን የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። የሥራውን ፋይል በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ የራሱ የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፤ ለማተሚያ ቤቱ የሚልኩትን ከእርሱ ያውጡ።